ድርሰታችሁን አስነበባችሁ፣ አስተያየቱ መጣ… ከዚያስ?

ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ሰሞኑን በውስጥ መስመር የደረሰን አንድ መልዕክት ነው። የላከችልን እህታችን ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ማታ ማታ ደግሞ የፊልም ስክሪፕት ትጽፋለች። ሁለት ዓመት የደከመችበትን ስክሪፕት ለአራት ሰው ሰጠች። አንዱ «ረዝሟል» አላት። ሁለተኛው «መጨረሻው በጣም ያሳዝናል፣ ልጅቷ ብታገባስ?» አለ። ሦስተኛዋ፣ የልብ ጓደኛዋ፣ «ሁሉም አሪፍ ነው፤ እናትየዋ ግን አልተዋጠችልኝም። እንዲህ ዓይነት እናት የለችም» አለቻት። አራተኛው ፋይሉን በቴሌግራም ከተቀበለ ሁለት ወር አልፎታል፤ ሲጠየቅ «እያነበብኩት ነው» ይላል።

እህታችንን የሰበራት የሦስተኛዋ አስተያየት ነው። ምክንያቱም ስክሪፕቱ ውስጥ ያለችው እናት የራሷ እናት ናት። አነጋገሯ፣ ዝምታዋ፣ ነጠላዋን የምታጣፋበት መንገድ ሳይቀር ከቤት የተወሰደ ነው። «የለችም ያሏት ሴት እኮ እኔን ያሳደገችኝ ናት» ብላ ጻፈችልን። ቀጥላም «ስክሪፕቱን ልተወው ወይስ እናቴን ልቀይራት?» ስትል ጠየቀችን።

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። ልብ ወለድ የምትጽፉ፣ ተከታታይ ድራማ የምትሞክሩ ብዙ ተከታታዮች እንዳላችሁ እናውቃለን። ስለዚህ ለእሷ ብቻ መልሰን ከምንተወው፣ በፈቃዷ፣ እዚሁ ገጻችን ላይ ሰፋ አድርገን እንየው።

መጀመሪያ ስለራሳችን አመል ትንሽ እንበል። እኛ አስተያየት ስንሰጥ ሁለት ዓይነት ነን። ፊት ለፊት ከሆነ ይሉኝታ ይይዘንና «በጣም አሪፍ ነው፣ በርቺ» እንላለን። ፊታችን የማይታይበት ኮሜንት መስጫ ላይ ከሆነ ደግሞ «ይሄ ደግሞ ድርሰት ነው?» ብለን እንሄዳለን። «በርቺ»ም ሆነ ስድቡ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደሰለቸን ለጸሐፊዋ አይነግራትም። ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ አንዱ ይጣፍጣል፣ አንዱ ይመራል፣ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።

መታረም ግን ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤትን ሥርዓት አስቡት። ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያዳምጣል፣ የተበላሸውን ያርማል፣ ተማሪውም ሌላ ጊዜ ሌላ ይዞ ይመጣል። እዚያ መታረም የትምህርቱ አካል ነው እንጂ ውርደት አይደለም። ልብ ወለድና ስክሪፕት ላይ ስንመጣ ግን አብዛኞቻችን መምህርም፣ አርታኢም የለንም። ሌሊት ብቻችንን እንጽፋለን፣ ከዚያ ለጓደኛ እንልካለን፣ ከዚያ ስልካችንን በየአምስት ደቂቃው እናያለን።

አሁን ወደ አንድ የታወቀ ታሪክ እንውሰዳችሁ። «ዘ ግሬት ጋትስቢ»ን ያላነበባችሁ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የተወነበትን ፊልም ሳታዩት አትቀሩም። የልብ ወለዱ ደራሲ ኤፍ. ስኮት ፊትዝጄራልድ ረቂቁን እ.ኤ.አ. በ1924 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከፈረንሳይ ወደ ኒውዮርክ ላከው። የተቀበለው ስክሪብነርስ በሚባለው አሳታሚ ቤት የሚሠራው አርታኢ ማክስዌል ፐርኪንስ ነው። ፐርኪንስ በኅዳር ወር ረጅም ደብዳቤ መለሰ። ደብዳቤው በአድናቆት የተሞላ ነው፤ ይህ ሥራ ትልቅ ሥራ እንደሆነ ፐርኪንስ ገብቶታል። ግን ችግሮቹንም ሳይሸሽግ አነሳ።

አንደኛው፣ ጋትስቢ አይታይም። ቶም የተባለውን ሌላውን ገጸ ባሕርይ መንገድ ላይ ብናገኘው እንለየዋለን፤ የመጽሐፉ ባለቤት የሆነው ጋትስቢ ግን ብዥ ያለ ነው። ሁለተኛው፣ ያ ሁሉ ሀብት ከየት መጣ? አንባቢው ግራ ይጋባል፤ ሙሉውን መንገር ባያስፈልግ እንኳ እዚህም እዚያም ፍንጭ ጣል ጣል ቢደረግ። ሦስተኛው፣ የጋትስቢ ያለፈ ሕይወት አንድ ቦታ ላይ ተዘርግፏል፤ ቀስ በቀስ ቢወጣ አይሻልም ወይ?

ፊትዝጄራልድ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? እሱ ራሱ ጋትስቢ ምን እንደሚመስልና በምን ሥራ እንደተሰማራ በትክክል እንደማያውቅ አመነ። ፐርኪንስ የተሰማው ጉድለት ከዚያ የመጣ ነው። ደግሞ አንድ የገረመንን ነገር ጨመረ፤ እኔ አውቄ ደብቄህ ቢሆን ኖሮ አንተም ባልተቃወምክ ነበር የሚል ሐሳብ ነው። ከዚያ ሥራ ጀመረ። ባለቤቱ ዜልዳ ጣቷ እስኪያማት ድረስ የጋትስቢን መልክ በሥዕል ደጋግማ እንድትሞክር አደረገ። ሮም ተቀምጦ፣ ለኅትመት የተለቀመውን ጽሑፍ እንደገና አፈረሰው። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ምዕራፍ በደንብ ነካካ፣ የጋትስቢን ታሪክ ከፊሉን ከኋላ አንስቶ ወደፊት አመጣ። መጽሐፉ ሚያዝያ 10 ቀን 1925 እ.ኤ.አ. ወጣ። (ወዲያው ተቸበቸበ ብለን ብንዋሻችሁ ደስ ባለን። ደራሲው በ1940 እስኪሞት ድረስ ያሰበውን ያህል አልተሸጠም። ድጋሚ መጻፍ መጽሐፉን ያሻሽላል እንጂ ገበያውን አያዝም።)

ይህን ታሪክ ከእህታችን ጉዳይ ጋር አስተያዩት። ለፊትዝጄራልድም ለእሷም የመጣው ቅሬታ አንድ ነው፤ «ይህ ሰው አልታየኝም»። መንስኤው ግን ተቃራኒ ነው። ፊትዝጄራልድ ገጸ ባሕርዩን ስለማያውቀው አልጻፈውም። እህታችን ደግሞ ከመጠን በላይ ስለምታውቃት አልጻፈቻትም። እናቷን በዓይነ ኅሊናዋ እያየች ስለምትጽፍ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ራሷ ትሞላዋለች። ጓደኛዋ ግን ያላት ወረቀቱ ብቻ ነው። «እንዲህ ዓይነት እናት የለችም» ስትል ስለ እናቷ እየፈረደች አይደለም፤ እናቷን አታውቃትማ! የነገረቻት ነገር ቢኖር ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴት እንዳልሞላች ነው።

አንባቢ ይህን መንስኤ ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው ሕመሙን ብቻ ነው።

እህታችን መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ነገሩን በራሷ ሙያ እናስረዳት። ሰው መጥቶ «አሞክሳሲሊን ስጪኝ» ይላል። ጎረቤቱ ውጦ ተሽሎታላ! ጥሩ ባለሙያ ዝም ብላ አታነሳለትም፤ «ምንህን ነው ያመመህ? ከመቼ ጀምሮ?» ብላ ትጠይቃለች። አስተያየትም እንደዚያ ነው። ሰዎች ስለ ድርሰታችሁ ሲናገሩ ብዙ ጊዜ የሚያመጡት የመድኃኒቱን ስም ነው፤ «ልጅቷን ዳሪያት»፣ «ይሄን ገጸ ባሕርይ አውጪው»፣ «ትንሽ ኮሜዲ ጨምሪበት»። የእናንተ ሥራ ወደ ኋላ ተመልሶ ሕመሙን መጠየቅ ነው። የት ላይ ነው ያመመህ? እዚያ ቦታ የሆነ ነገር እንዳለ ሰውየውን እመኑት። ማዘዣውን ግን እናንተ ጻፉ።

ለምሳሌ «ረዝሟል» የሚለውን እንውሰድ። አንዳንዴ እውነትም ረዝሟል። ስቲቨን ኪንግ ስለ አጻጻፍ ባሳተመው መጽሐፉ ሁለተኛው ረቂቅ ከመጀመሪያው 10 በመቶ ያህል ቢያጥር ይመክራል፤ እኛም ሞክረነዋል፣ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን «ረዝሟል» ማለት «ምን እንደምጠብቅ አላወቅሁም» ማለት ነው። ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ በአምስተኛው ገጽ ላይ ያልገባው ሰው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይረዝምበታል። እዚህ ላይ አርባ ገጽ ብትቆርጡም ሕመሙ አይለቅም፤ መድኃኒቱ ያለው አምስተኛው ገጽ ላይ ነውና።

«መጨረሻው ያሳዝናል» የሚለውስ? ማሳዘን በራሱ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውን «ቻይናታውን» የተባለ ፊልም ያያችሁ ታውቃላችሁ። ስክሪፕቱን የጻፈው ሮበርት ታውን መጨረሻው ይህን ያህል እንዲጨልም አልፈለገም ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሮማን ፖላንስኪ ግን «አይሆንም፣ በአሳዛኝ ነው የሚያልቀው» ብሎ ድርቅ አለ። ተጣሉበት። ዛሬ ፊልሙ ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ያንን መጨረሻ ነው፤ ኦስካሩን ደግሞ የወሰደው ጸሐፊው ታውን ነው። እሱም በኋላ ፖላንስኪ ትክክል እንደነበር ተቀብሏል። ስለዚህ አንዳንዴ የሌላ ሰው መድኃኒትም ይሠራል። ግን ፖላንስኪ ያንን ያለው የታሪኩ ሐሳብ ወዴት እንደሚሄድ ስለገባው ነው እንጂ ተመልካች እንዳያዝንበት ወይም እንዲያዝንለት ብሎ አይመስለንም። እህታችን ሁለተኛውን ሰውዬ መጠየቅ ያለባት «ለምን አዘንክ?» ሳይሆን «ሐዘኑ ድንገት መጣብህ ወይስ ሲመጣ ይታይህ ነበር?» ብላ ነው።

የተሰጣቸውን አስተያየት በሙሉ ልክ እንደታዘዘው ስለተቀበሉ ሰዎችም እንንገራችሁ። «ቶይ ስቶሪ»ን የሠሩት የፒክሳር ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ ገና ጀማሪዎች ስለነበሩ ገንዘቡን የያዘው የዲዝኒ ኃላፊ ጄፍሪ ካትዘንበርግ ፊልሙ ኮስተር፣ ቀበጥ ያለ፣ ለትልልቅ ሰው የሚመች እንዲሆን ሲገፋፋቸው «እሺ» እያሉ ቀየሩ። እንደገና አስተያየት መጣ፣ እንደገና ቀየሩ። በመጨረሻ ዉዲ የተባለው አሻንጉሊት ምን ሆነ መሰላችሁ? ተሳዳቢ፣ ጓደኞቹን የሚያዋርድ፣ ባዝን ሆን ብሎ በመስኮት የሚወረውር ክፉ ሆነ። ኅዳር 19 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. የደረሱበትን ለዲዝኒ አሳዩ። የሚጠላ ነበር። ሥራው እንዲቆም ተደረገ። ፒክሳሮች ቀኑን እስከዛሬ «ጥቁሩ ዓርብ» ይሉታል።

ከዚያ ተቀምጠው መጀመሪያ ሊሠሩት ያሰቡትን ፊልም መጻፍ ጀመሩ። ዉዲ አሁንም ይቀናል፤ ግን ለምን እንደሚቀና ይገባናል፤ የሚወደው ልጅ አዲስ አሻንጉሊት አመጣበት። ባዝም በመስኮት ይወድቃል፤ ግን ዉዲ ያን ያህል እንዲሆን አስቦ አይደለም። የተለወጠው ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ፊልሙን ግን አዳነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ለኦሪጅናል ስክሪፕት ኦስካር የታጨ የመጀመሪያው የአኒሜሽን ፊልም ሆነ። ፒክሳሮች ኋላ ላይ አንድ ደንብ አበጁ፤ ዳይሬክተሮችና ጸሐፊዎች ተሰብስበው የአንዱን ሥራ ያለ ርኅራኄ ይተቻሉ፣ ግን ስብሰባው የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ባለቤቱ ሰምቶ ይሄዳል፣ ምን እንደሚያደርግ ራሱ ይወስናል። ይህ ደንብ ከጥቁሩ ዓርብ ጋር ይያያዛል ብንል ብዙ አንሳሳትም።

እምቢ ማለት የነበረበት ጸሐፊም አለ። አሜሪካዊው የአጭር ልብ ወለድ ደራሲ ሬይመንድ ካርቨር አርታኢው ጎርደን ሊሽ አንድ ሙሉ መድበሉን ከግማሽ በላይ ቆርጦ ላከለት። የአንዳንዱን ታሪክ ርዕስና መጨረሻ ሳይቀር ለወጠ። ካርቨር ሐምሌ 8 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ እንዳይታተም እየለመነ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ተጨንቆ የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። መጽሐፉ ግን በ1981 እንደተቆረጠ ወጣ፤ ይብስ ብሎ ስሙን በዓለም ያስጠራው እሱ ሆነ። እዚህ ላይ እኛም ተከራክረናል። ከመካከላችን «ሊሽ ልክ ነው፣ ውጤቱ ይናገራል» የሚል አለ። ሌላው ደግሞ «ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የማን ነው?» ይላል። ለማንኛውም ካርቨር ከተቆረጡት ታሪኮች አንዱን በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በረጅሙ መልሶ አወጣው፤ ዛሬ ከምርጥ ሥራዎቹ የሚቆጠረው ያ ረጅሙ ነው። ያልተቆረጠው ሙሉ መድበል ደግሞ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2009 ለብቻው ታተመ።

ወደ እኛው ቤት እንመለስ። ስክሪፕት ለሰው ስትሰጡ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «አሪፍ ነው» ነው፤ ሌላ ምን ይበላችሁ? ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ የት ላይ አቋርጠህ ሻይ አፈላህ? ማንን ጠላኸው? መጨረሻውን ከስንተኛው ገጽ ላይ አወቅኸው? ታሪኩን ለእህትህ በሁለት ደቂቃ ብትነግራት ምን ትላታለህ? (ይቺ የመጨረሻዋ ጉደኛ ናት። ሰውየው ሲተርክ የዘለለው ትዕይንት ምናልባት መውጣት ያለበት ትዕይንት ነው።) ሲመልስላችሁ ደግሞ አፋችሁን ያዙ። «አይ፣ እዚህ ጋ እኮ ማለት የፈለግኩት…» ብላችሁ ማስረዳት የጀመራችሁ ዕለት ያቺን ማብራሪያ ጻፏት። ወረቀቱ ላይ የጎደለችው እሷ ናት። ፊልም ቤት ውስጥ ከእያንዳንዱ ተመልካች ጎን ተቀምጣችሁ አታስረዱም።

የፕሮዲውሰር አስተያየት ራሱን የቻለ ነገር ነው። «የዝናቡን ትዕይንት አውጪው» ሲል ስለ ጥበብ ላይሆን ይችላል፤ የውኃ ቦቴ ኪራይ ይሆናል የታየው። እዚህ ላይ ብዙ አትከራከሩ፤ «ስንት ይቆጥብልሃል?» በሉና ያው ስሜት በርካሽ የሚገኝበትን መንገድ ፈልጉ። ለባለ ዝና ተዋናይ ቦታ ፈልጊ ሲልም ያው ነው፤ ገበያ ነው የሚያወራው። ሊያስኬድም ላያስኬድም ይችላል።

ድጋሚ መጻፍ ስትጀምሩ ደግሞ ከትልቁ ጀምሩ። መጀመሪያ ታሪኩ፣ ከዚያ ትዕይንቱ፣ ከዚያ ምልልሱ፣ ፊደል መልቀም የመጨረሻ ነው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሊወጣ የሚገባውን ትዕይንት ሦስት ቀን ቃል ስናሳምር እንከርምና ካሳመርነው በኋላ ማውጣት ያሳሳናል። ምልልሱን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የገጠሩ አዛውንትና የቦሌው ልጅ አንድ ዓይነት አማርኛ ካወሩ የሚያወሩት እናንተ ናችሁ። አሮጌውን ረቂቅ አትሰርዙ፤ በቀን ሰይማችሁ አስቀምጡት። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ 3» የሚባሉ ፋይሎች ያሉን እኛ ስለሆንን ስቃዩን እናውቀዋለን።

እና እህታችንስ? «እናቴን ልቀይራት?» ላለችው «ቀይሪያት» ወይም «አትቀይሪያት» አላልናትም፤ ያ የእሷ ማዘዣ ነው። የጠየቅናት ስለ አንድ ትዕይንት ነው። ልጅቷ ወደ ውጭ ልትሄድ እንደሆነ ስትነግራት እናትየዋ ምንም ሳትመልስ የቡና ሲኒዎቹን ማጠብ ትቀጥላለች። እኛም ስናነበው በረዶ የሆነች ሴት መሰለችን። «እናትሽ እውነት እንደዚያ አደረገች?» አልናት።

«አዎ፣ ግን እሷ እንዲህ ናት። ስትወድ አትናገርም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የጆሮ ወርቋን ሸጣ ነው የላከችኝ፤ እስከዛሬ አልነገረችኝም፣ ከጎረቤት ነው የሰማሁት» አለችን።

«ይህ ስክሪፕቱ ውስጥ የት ነው ያለው?»

መልዕክቱን እንዳየችው ምልክቱ መጣ። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «የለም» የምትል አንዲት ቃል ላከች።

ባለፈው እሑድ አዲስ ረቂቅ ደረሰን። ስለ ወርቁ የሚያወራ ሰው የለም፣ የጎረቤቷንም ወሬ አላስገባችውም። ገና መጀመሪያ አካባቢ እናትየዋ የጆሮ ወርቋን አድርጋ ለሰርግ ስትዘጋጅ እናያታለን። ከዚያ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ትዕይንቶች ሁሉ የእናትየዋ ጆሮ ባዶ ነው። የሲኒው ትዕይንት አንድ ቃል አልተነካም፤ አሁንም ምንም ሳትናገር ታጥባለች። ጓደኛዋ እንደገና እያነበበችው ነው። አራተኛው ሰውዬም እያነበበ ነው፤ የድሮውን።